የሁለት ሰው ፈቃድ

ፍቅርአዲስ ገንዳ ውሃ ላይ በአንድ ሰሊጥ ላኪ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በነሐሴ አንድ ረፋድ፣ ሦስት ወር ሙሉ ካልተከፈቱ ኮምፒውተሮች ላይ የሶፍትዌር ፈቃድ እያነሣች ለአዲስ ሠራተኞች ስታዛውር፣ የባልደረባዋ የታንጉ ላፕቶፕ ግን «አሁን በሥራ ላይ» ይላል። ታንጉን ከነላፕቶፑ ጓንግ ወንዝ የወሰደው አምና ነው።

የድርጅቱ ሹፌር ጋሽ ዘሩ ጋ ደወለች።

«የታንጉ ላፕቶፕ ተገኝቶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ የት ተገኝቶ! ሬሳውንም በስንት መከራ ነው ያወጣነው። በይ፣ አሁን ጓንግን ልሻገር ነው፤ ኋላ እደውልልሻለሁ።»

ፈቃዱን አነሣችው። ወዲያው ከዚያው ላፕቶፕ ማመልከቻ መጣ።

«የሁለት ሰው ፈቃድ ይሰጠን። ታንጉ እና ዘሩ።»

ደንግጣ መልሳ ደወለች። ስልኩ ተነሣ።

«ጋሽ ዘሩ?»

የሚሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር።