ጥርስ ልታወጣ ነው

ነርሷ ከራሷ ሰፈር የመጣውን አራተኛ የተቅማጥ ታማሚ ታብሌቱ ላይ መዘገበች። ከአንድ ሰፈር አምስት ሰው ሲሞላ ፕሮግራሙ ቀይ አብርቶ የወረርሽኝ ቡድኑን ይጠራል፤ ስክሪኑ ግን አሁንም አረንጓዴ ነበር።

«ተመስገን፣ አራት ብቻ!» አለ ኃላፊዋ ጃኬቱን እየደረበ። «ባለፈው ሰዎቹን በባዶ ሜዳ ጠርተሽ መሳቂያ አድርገሽናል።»

እፎይ ብላ ቁልፏን ፍለጋ እጇን ኪሷ ስትከት የተቀደደ የኦአርኤስ ፓኬት ወጣ። ጠዋት ተቅማጥ ለያዛት ልጇ የበጠበጠችው ነበር። «ጥርስ ልታወጣ ነው» ብላ ለሞግዚቷ ትታት ወጥታለች፤ እናቶች እንዲህ ሲሏት ግን ትቆጣቸው ነበር።

ተመልሳ ቁጭ አለችና የልጇን ዕድሜ ጻፈች፤ ዘጠኝ ወር። ስክሪኑ ቀላ።

«ደግሞ ይቺ ማናት?» አለ ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆሞ።

«የኔዋ» አለች፣ ፓኬቱን ከእጇ ሳትለቅ።