እየተነሳ የሚጠፋው ሞተር

የሙሐመድዘይን የውሃ ሞተር በየጠዋቱ ይነሳል፤ ጥቂት ያጓራል፤ ከዚያ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ትፍ ትፍ ብሎ ቀጥ ይላል። ሙሐመድዘይን ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ጭሱን ይተፋበትና መልሶ ዝም። ከግራና ከተማ በታች ወንዙ ዳር የተከለው ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ፀሐይ ጫፉ እየነደደ ነው።

ያላደረገው የለም። ካንዴላውን ቀየረ። ማጣሪያውን አጠበ። ዘይቱን ደፍቶ አዲስ ሞላ።

"ይሄን ሞተር ዓይን በልቶታል" አላት ሚስቱን ሳሚራን።

"እስቲ ቢስሚላህ ብለህ አስነሳው" አለችው። እንደ ሁልጊዜው የቤንዚኑን ጀሪካን አዝላ፣ ወንዙን ተሻግራ መምጣቷ ነው፤ የቀሚሷ ጫፍ ረጥቧል።

ቢስሚላህ ብሎ አስነሳው። ጠፋ።

በልቡ ግን የሚጠረጥረው ሰው ነበር። ሞተሩ መታመም የጀመረው የታች ሰፈሩ ሽማግሌ፣ አያ ኡበይደላ፣ መጥተው በሄዱ ሰሞን ነው።

"ውሃውን በፈረቃ እናድርገው" ብለውት ነበር። "አንተ ስትስብ ወንዙ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል። ሴቶቻችን አሸዋ ጭረው ነው የሚቀዱት።"

"ወንዝ ቀድሞ የደረሰበት ነው፣ አያ" አላቸው።

"እንግዲያው አላህ ይፍረድ" ብለው ሄዱ።

ሙሐመድዘይን መካኒኩን ሲሳይን ከመርሳ አስመጣ። ሲሳይ ሞተሩን ፈታትቶ አየውና ገጠመው። ከዚያ ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሲረጋ ከሥሩ ሌላ ነገር ተኝቶ ታየ።

"ውሃ ነው" አለ ሲሳይ። "ሞተርህ ጤነኛ ነው። የታመመው ቤንዚንህ ነው።"

"ሻጩ ነዋ!"

"እንጃ። ቀይረህ እየው።"

ቀየረ። ወልድያ ድረስ ሄዶ፣ ማደያ ተሰልፎ ገዛ። ለሞተሩ ቤንዚን መሙያ ክዳንም ቁልፍ አበጀለት። ያው ነው። ሙሐመድዘይን እህል አልወርድ አለው። ማታ ማታ ሳሚራ ትከሻውን እያሸች "ተወው፤ በሰው ነገር አትቃጠል" ትለዋለች። እሱ ግን ጥርሱን ያፋጫል።

ይባስ ብሎ ጎረቤቱ ደጀን መጣ።

"ኡበይደላን ከሞተርህ ከፍ ብሎ ካለው መሻገሪያ ላይ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ" አለው። "ያንን ሁሉ መንገድ ወጥተው ከቤትህ ሥር ምን ይሠራሉ?"

ይሄ በቃው። ጀሪካኑ የሚያድረው ከቤቱ ጓሮ ነው፤ አጥሩም እሾህ ብቻ። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ማሳው የሚሄድ መስሎ ወጣ። ዞሮ መጥቶ መሻገሪያው አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አደፈጠ። ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ሽማግሌ መምታት ነውር መሆኑን ያውቃል። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ቢይዛቸው ግን ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም።

ኡበይደላ አህያቸውን እየነዱ ከታች ብቅ አሉ። ጀሪካኖቻቸውን አውርደው ውሃ ይቀዱ ጀመር። ሙሐመድዘይን ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። አንዱን ሞሉ፤ ሌላውንም ሞሉ። ወደ ቤቱ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

በዚህ መሐል ሳሚራ ቤንዚኑን አዝላ ቁልቁለቱን ወረደች። ኡበይደላ ሲያዩዋት ከጎነበሱበት ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ስንቴ ልለምንሽ? ዛሬስ ተይው" አሏት። "ሽንኩርቱ አለቀበት እኮ። ባልሽ ያሳዝናል።"

"ሽንኩርት እንደገና ይተከላል፣ አያ" አለች ሳሚራ፤ ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዳ ክዳኑን ፈታች፤ ከወንዙ በጣሳ ቀድታ ቤንዚኑ ላይ ጨመረችበት።