ከጉድጓዷ አንድ እርምጃ

ኳሷ ወደ ጉድጓዷ ለመግባት የቀራት አንድ እርምጃ ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የጎልፍ ውድድር በዚህች ምት ያልቃል። ተጋጣሚው ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ ናቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

ሦስት ወር ሙሉ የአእምሮ ጥንካሬ አሰልጣኝ ጋ ተመላልሷል። ከሥራ መልስ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ብርጭቆ አጋድሞ፣ ሚስቱን ዳኛ አድርጎ ሲለማመድ ከርሟል። እንደተማረው ዓይኑን ጨፈነ፤ በረዥሙ ተነፈሰ። «እችላለሁ፤ ልቤ ያዘዝኩትን ይሰማል» አለና መታ።

ገባች።

ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ። አቶ ደምመላሽ ፈገግ ሳይሉ ጨበጡት። «ጎበዝ» አሉት።

ዛፍ ሥር ሄዶ ለሚስቱ ደወለ። «ገባች» አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«በስማም! ያቺን ብርጭቆ እንደዚያ አሳምረህ ስትስታት ከርመህ፣ ዛሬ አስገባህ? አምና ስላሸነፍካቸው አይደል ስምንት ወር መተማ ቅርንጫፍ ያስቀመጡህ?»

«ልቤማ እሺ ብሎኝ ነበር፤ እጄ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት በስልኩ ተሰማው።

«የወባ አጎበሩ እዚሁ አለ» አለችው። «አጥቤ ላስጣው?»