ሁለተኛው ወረቀት

በዕውቀቱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሁለት የሂሳብ መግለጫ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። እሑድ ከሰዓት ስለነበር ጁባ ባለው የኩባንያው ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ሹም ከሆነው ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። የደወሉት እትዬ አስረሳሽ ነበሩ፤ በጡረታ ገንዘባቸው የኩባንያውን አክሲዮን ገዝተዋል።

«ትርፍ ነው ያልከኝ?» አሉት ከአዲስ አበባ።

«ጀበል ሰፈር ያለው ሆቴላችንና ጉምቦ ሰፈር ያለው ዳቦ ቤታችን ከዋናው ድርጅት ጋር ተጠቃለው ሲታዩ፣ አዎ።»

«ዋናው ድርጅት ብቻውንስ?»

በዕውቀቱ ሁለተኛውን ወረቀት አነሳ። «ብቻውን ኪሳራ ላይ ነው፣ እትዬ። ሆቴሉም ዳቦ ቤቱም ካተረፉት እስካሁን ምንም አልላኩለትም።»

«የእኔ ድርሻ የሚከፈለው ከየትኛው ነው?»

«ከዋናው።»

«ታዲያ መጀመሪያ እሱን አትነግረኝም ነበር?»

ስልኩን ይዘጉብኛል ብሎ ሲጠብቅ ድምፃቸው ለዘብ አለ።

«ለመሆኑ እዚያ እንዴት ናችሁ?»

«ሁላችንም ደህና ነን። ሆቴሉም ሰው አላጣም፤ ሠራተኞቹም ሰላም ናቸው።»

«እሱማ የጥቅሉ ነው» አሉ። «አንተ ብቻህንስ?»

በዕውቀቱ ወረቀቱን አስቀመጠ። ቢሮው ውስጥ የሚሰማው ሰው ባይኖርም ስፒከሩን አጠፋና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።