የቀርጤስ አሸዋ

ሰዓት ለመግፋት ብላ የጀመረችው ወሬ ጣማት፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነበር።

ገና ሳይነጋ የጓደኛዋን የትርሲትን በር ያንኳኳችው ለክረምቱ እረፍት የሜዲትራኒያን ደሴት እንምረጥ ብላ ነው።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ? ለደሴት ብለሽ ነው ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሺኝ?» አለች ትርሲት ዓይኗን እያሸች። ወዲያው ግን ላፕቶፗን ከፈተች። ማልታ ድንጋይ በዛበት፣ ቆጵሮስ ሙቀቱ አይቻልም ተባለ። የቀርጤስ አሸዋ ግን የሁለቱንም ልብ ወሰደው።

«እማዬንም ይዣት እሄዳለሁ። እምቢ ካለች ጳውሎስ የረገጠው አገር ነው እላታለሁ» አለች ትርሲት።

«እማማ ከነነጠላቸው ባሕር ሲገቡ ታዩኝ!» አለች እንግዳዋ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ቆይ፣ አሁኑኑ ልደውልላት። ስልኬን አይተሻል?»

ስልኩ ተዘግቶ በእንግዳዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄዳ በሩን ከፈተች።

የትርሲት አጎቶች የእህታቸውን መርዶ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ቀድመሽ ግቢና ስልኳን ያዢልን አልንሽ እንጂ አስቂያት አልንሽ?» አሉ ትልቁ በሹክሹክታ።

እነሱ ሲገቡ እሷ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።