ለደከመ የተሰጠ ወንበር

በካዚኖው መግቢያ፣ ከእንግሊዝ አገር ለጌጥ በመጣው አሮጌ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው ነበር። አለቃው በሬዲዮ «አሁኑኑ አስነሣት!» እያለ የጥበቃውን ልጅ ይነዘንዘው ነበር። ለትልቅ ሰው «ኖር» ብሎ እየተነሣ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ?

«እማማ፣ ይነሡልኝ፤ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው» አለ በምሬት።

«እሺ ልጄ። እዚህ መደገፊያው ላይ በተለጠፈው ነሐስ የተጻፈው ግን ምን ይላል?»

እየተበሳጨ እንግሊዝኛውን ተርጉሞ አነበበላቸው። «‹በወዛደርነቴ ዘመን ማረፊያ አጥቼ ነበር። የከተማችን ምክር ቤት አባል ስሆን ይህን ወንበር ለደከመው ሁሉ ሰጠሁ› ይላል። የተጻፈው ከመቶ ዓመት በፊት ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔን ማለታቸው ነዋ!» ሳቁና ጫማቸውን ሊያጠልቁ አጎነበሱ። «በል፣ እንጀራህን አልዘጋም።»

ልጁ ያበጠውን እግራቸውን አየ። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አለቃ፣ የተቀመጡት የወንበሩ ባለቤት ናቸው» አለና ዘጋው።