የሱልጣን ዋጋ

«ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው» ትላለች አየሁሽ።

ሐሚድ ዓይኑን ይጨፍናል። ጠዋት «ኻልቲ፣ አሥር ይበሉ፤ የወፍ ዕድሜ ማን ያውቃል?» ብሎ መክሯት ነበር። ጎረቤቷ ነው። ሱዳን ሲታመስ ከገዳሪፍ የተሻገረ የድሮ ሰሊጥ ነጋዴ፣ እሷን እንደ አክስቱ የሚያይ። ገዢውን ፈልጎ ያመጣውም እሱ ነው።

ገዢው ምንይችል ወደ ጉምሩክ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆቴል ሊከፍት ነው። በቀቀኑን በረንዳው ላይ ሊያንጠለጥለው አስቧል፤ ሹፌሮች እየሰሙት እንዲስቁ። አሁን ጎንበስ ብሎ የሽቦ ቤቱን በመኪና ቁልፍ ይነካካል። ግራጫው ወፍ ወደ ጥግ ይሸሻል።

«ኧረ እማማ! ይሄማ ጡረታ የወጣ ነው!»

«በደንብ ከተያዘ ስድሳ ይኖራል» ይላል ሐሚድ ፈጠን ብሎ። «ገና ግማሹን ነው የኖረ።»

«እሺ፣ ስንት አላችሁ?»

«ሠላሳ ሺህ» ትላለች አየሁሽ።

አየሁሽ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ኒም ዛፉ ሥር ቆማለች፤ ከወፉ አምስት እርምጃ ርቃ። የጎንደሩ ሐኪም ከላባው የሚረግፈው ነጭ ብናኝ ሳንባዋን እየበላው እንደሆነ ነግሯታል። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እርስዎ ይውጡ» ነው ያላት። እስከ ፋሲካ ነበር የሰጣት። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ሠላሳ ሺሁን ለገንዘቡ ብላ አይደለም የጠራችው። ሰው በነጻ ያገኘውን ነገር እንዴት እንደሚይዝ ታውቃለች። እዚሁ ሰፈር በነጻ የተሰጠ ውሻ በሳምንቱ መንገድ ላይ ተጥሎ አይታለች። ብዙ የተከፈለበት ግን ፀሐይ ሲዞር ወደ ጥላ ይገፋል፣ ውኃው ሲሞቅ ይቀየርለታል። ስትሞት ልትተውለት የምትችለው ሌላ ጋሻ የላትም፤ ዋጋውን ከፍ ማድረግ ብቻ።

ምንይችል ይስቃል። «በሠላሳ ሺህ እኮ ሁለት ሙክት ይገዛል። ሙክት ደግሞ ይበላል! ለመሆኑ ይናገራል?»

«ከሰው በላይ» ይላል ሐሚድ። አጎንብሶ በዓረብኛ ሰላም ይለዋል። ወፉ በአንድ ዓይኑ ያየዋል።

አየሁሽ ሁለት እርምጃ ትጠጋለች። «ሱልጣን፣ የኔ ጌታ፣ እንግዳ መጥቷል። በል ግቡ በላቸው።»

ሱልጣን ራሱን ዘንበል ያደርጋል። አንገቱ ላይ ያለው ላባ ይነሳል። ከዚያ ይስላል።

ደረቅ ሳል ነው፤ ከሥር የሚነሳ፣ ረጅም። ሦስት ጊዜ ይስልና በመጨረሻው፣ ትንፋሽ ባጠራት ሴት ድምፅ «ውይ… አንተ መድኃኔዓለም» ይላል።

አየሁሽ ባለችበት ትቀራለች። ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሲያሳያት አልደነገጠችም ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ጭስ ነው የመሰላት። አሁን ግን ሰማችው። ይቺ ሴትዮ ብዙም አትቆይም፣ ብላ ታስባለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያስቡት።

ምንይችል ወደ ኋላ ብሏል። «ታሟል እንዴ?»

«የእኔ ነው» ልትል ትጀምራለች፤ «ሳሉ የእኔ…» ከዚያ በላይ ግን አትዘልቅም። የራሷ ሳል ይነሳባታል። እሷ ስታቆም ወፉ ይቀበላታል፣ እሱ ሲያቆም እሷ። ሐሚድ ውኃ ሊያመጣ ይሮጣል።

እስክትጠጣ ምንይችል በትዕግሥት ይጠብቃታል። ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ «እማማ፣ እኔ የምከፍተው ምግብ ቤት ነው» ይላታል። «ሰው ቀርቦለት ሊጎርስ ሲል ይሄ አጠገቡ ቢስልበት ማን ይመለሳል?»

«ሌላ ድምፅ ሲሰማ ያንን ይለምዳል» ይላል ሐሚድ። «ይሄን ይረሳዋል።»

እውነቱን ነው። ሱልጣንን በጭነት መኪናው ጋቢና ያመጣላት ባሏ ውባንተ ነበር፤ ያኔም ሌላ ቤት ያደገ ጎልማሳ ወፍ ነበር። የውባንተን ፉጨት አሳምሮ ያፏጭ ነበር። ከተቀበረ በሁለተኛው ዓመት ተወው። እሷንም እንዲሁ ይተዋታል።

«አራት ሺህ» ይላል ምንይችል። «እሱም ለእርስዎ ብዬ።»

አየሁሽ ሐሚድን ታየዋለች። ሐሚድ መሬት መሬቱን ያያል። ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ወስዶ የሚያኖርበት የለውም። በሁለት ወር ውስጥ ልይ ብሎ የመጣ ሰው ምንይችል ብቻ ነው። አሥር ሺህ ልትል ትፈልጋለች፤ ስምንትም ቢሆን። ለክርክር የሚሆን ትንፋሽ ግን የላትም።

«ይሁን» ትላለች። አጭር ቃል ነው።

ምንይችል ባጃጅ ይጠራል። እሷ ከኋላው ሆና፣ እያረፈች፣ ትነግረዋለች። ፀሐይ ላይ እንዳያውለው። ሰሊጥ ቢወድም እንዳያበዛለት። ጄኔሬተር አጠገብ እንዳያስቀምጠው፣ ይደነግጣል። «ሲሰለችህ ደግሞ እንዳትጥለው፤ ለሐሚድ ደውል።»

«እሺ እማማ፣ እሺ» ይላል፣ ከባጃጁ ሹፌር ጋር እየተነጋገረ።

የሽቦ ቤቱን አንስቶ ከኋላ ወንበር ላይ ያስገባዋል። አጋድሞ ነው ያስቀመጠው። ሱልጣን እግሩ ይከዳዋል፣ ክንፉን ዘርግቶ ሽቦውን ይመታል፣ ይጮሃል። በከሰዓቱ ፀሐይ ውስጥ ነጩ ብናኝ ቦለል ብሎ ይወጣል።

አየሁሽ ሄዳ ልታቃናለት ነበር። እጇም ተዘርግቷል። እግሯ ግን ወደ ኋላ ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት እርምጃ፤ ነጠላዋ አፏ ላይ።

የሽቦ ቤቱን ያቃናው ሐሚድ ነው። ሱልጣን ሽቦውን በጥፍሩ ጨብጦ፣ በአንድ ዓይኑ፣ የቆመችበትን ርቀት ያያል።